ምንም የማይሠራበት ከተማ ፈልጉልኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ የጉዞ ዓምድ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች እንደምን ከረማችሁ። ስቶክሆልም ነው የምኖረው፣ የምሠራው ደሞ የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት ነው፣ ፈረቃው፣ ሌሊቱ፣ ቅዳሜና እሁዱ ሁሉም አለበት። ላለፉት ስድስት ዓመታት እረፍት ወጣሁ ማለት ወይ አዲስ አበባ ሄጄ ዘመድ ስዞር ከርሜ ከመሄዴ በፊት ከነበረው ይበልጥ ደክሞኝ መመለስ ነው፣ ወይ ፍራንክፈርት ሰርግ፣ ወይ ለንደን ክርስትና። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ አራት ቀን ብቻ አለችኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ የዘጠኝና የስድስት ዓመት፣ እና በቃ ቁጭ ማለት ነው የምፈልገው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ኢስቶኒያ ውስጥ ሃፕሳሉ ሚባል የባህር ዳር ከተማ አለ እዛ ሂጂ አለችኝ። ባለቤቴ ፎቶውን አይቶ «ይሄማ ሰዉ በሙሉ ለቅሶ የሄደበት ሰፈር ነው የሚመስለው» ብሎ ሳቀብኝ፣ እሱ ባርሴሎና ነው የሚለው። እውነት ልሂድ? ልጆቹስ አይሰለቻቸውም? ጥቁር ሆኖ እዛ መሄድስ እንዴት ነው? ደሞ ፍልሰታ ላይ ነው የሚውለው፣ ምን እበላለሁ?
ደከመኝ ባይዋ፣ ከስቶክሆልም

መልስ፦ እህቴ፣ ሂጂ።

ባልሽ ያለው ግን ውሸት አይደለም። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከአውቶቡስ ወርጄ ግራ ቀኝ ሳይ ሰዉ የት ገባ ነው ያልኩት። ሃፕሳሉ አስር ሺህ ገደማ ነዋሪ ነው ያላት፣ አዲስ አበባ ያለ ደህና የኮንዶሚኒየም ሳይት ይበልጣታል። እድሜዋ ግን ቀላል አይደለም፣ የከተማነት መብት ያገኘችው በ1279 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እና ሰባት መቶ ዓመት በላይ ኖራ አሁንም ያልተቸኮለች ከተማ ናት፣ እኛ ደሞ መቸኮል ስለለመድን መጀመሪያ ላይ የሆነ ነገር የጎደለ ይመስለናል።

መንገዱ ላንቺ በጣም ቀላል ነው። ከስቶክሆልም ማታ መርከብ ትሳፈሪያለሽ፣ ተኝተሽ ትነሺና ጠዋት የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ነሽ፣ ለልጆቹ እንደውም መርከቡ ራሱ የእረፍቱ ግማሽ ነው። ከወደቡ እስከ አውቶቡስ ተራው ቦልት ታክሲ በስልክሽ ጥሪ (ቦልት እኮ የነሱው ነው፣ በ2013 ታሊን ነው የተመሠረተው)፣ ከዛ አውቶቡስ ነው፣ መቶ ኪሎሜትር ገደማ፣ መንገዱ ጫካ ብቻ ነው ሁለት ሰዓት አይፈጅም። አራት ቀንሽን ስታሰይው ሁለት ሌሊት መርከብ ላይ ሁለት ሌሊት ሃፕሳሉ ይሆናል። አንዳንዱ ጠዋት ከታሊን ሄዶ ማታ ይመለሳል፣ ያንን አታድርጊ፣ ፎቶ አንስተሽ ባልሽ ልክ ነበር ብለሽ ነው የምትመለሺው። ይቺ ከተማ ሁለተኛው ቀን ላይ ነው የምትገባሽ፣ ቡናሽን ጠጥተሽ ከጨረስሽ በኋላ የሚቀጥለው ፕሮግራም ምን ነበር ብለሽ ስታስቢ ምንም እንደሌለ ትዝ ሲልሽ።

አንድ ደስ ያለኝን ነገር ልንገርሽ፣ በበጋ የኢስቶኒያ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ከስዊድን አንድ ሰዓት ይቀድማል። እናትሽ ጋ ስትደውዪ እዛ ስንት ሰዓት ነው እያልሽ ጣትሽን አትቆጥሪም።

አውቶቡሱ የሚያወርድሽ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። ጣቢያ ስልሽ ተራ ጣቢያ እንዳይመስልሽ፣ በእንጨት የተሠራ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ነገር ነው፣ ጣሪያ ያለው መሳፈሪያው ብቻ 216 ሜትር ይረዝማል። የተሠራው በሩሲያ ዛር ዘመን ነው፣ የዛሩ ቤተሰብና መኳንንቱ ሊታጠቡ ሲመጡ ዝናብ እንዳይነካቸው ተብሎ። የመጨረሻው የመንገደኛ ባቡር ከሄደ ግን ቆየ፣ በ1995 ነው የቆመው። አሁን ሙዚየም ነው፣ ደጁ ላይ አሮጌ ባቡሮች ቆመዋል፣ ልጆችሽ ከዛ በልመና ነው የሚወጡት። ወዲያ ማዶ ደሞ የጳጳሱ ግንብ አለ፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የጀመረ ነው፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ የልጆች መጫወቻ አለ፣ አንቺ ሣሩ ላይ ተቀመጪ እነሱ ይሩጡ። ስለዚ የልጆቹን ነገር አታስቢበት።

ግንቡ ውስጥ ያለው ካቴድራል ታሪክ አለው፣ ለልጆቹ ማታ ሳይሆን ቀን ንገሪያቸው። ድሮ ግቢው የካህናት ብቻ ስለነበር ሴት ዝር እንዳትል ተከልክሎ ነበር፣ አንዱ ካህን ታዲያ የአካባቢውን ልጅ ወደደና እንደ ወንድ አልብሶ ከዘማሪ ልጆቹ ጋር ቀላቅሎ አስገባት። ሲታወቅ እሷን ከነነፍሷ ግድግዳው ውስጥ አስገብተው ገነቡባት ይላል አፈ ታሪኩ። እና እስከዛሬ በኦገስት ሙሉ ጨረቃ በመጠመቂያው ክፍል መስኮት ላይ ነጭ ለብሳ ትታያለች ይባላል፣ ነጯ እመቤት ነው የሚሏት፣ በስሟ በየዓመቱ በዓል አላት። እኔ መስኮቱን አይቻለሁ፣ የጨረቃው ብርሃን ሲያርፍበት እውነትም የሆነ ቅርጽ ነገር አለ፣ ያው የአገራችን ሰው ቢሆን እዛች ቦታ ላይ ጠበል ይፈልቅ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ከተማዋ ውስጥ የብሉዝ ፌስቲቫል አለ፣ ከ1994 ጀምሮ የሚደረግ ነው፣ ጥሩ ሙዚቃ ነው ግን የዛን ሰሞን ማደሪያ አታገኚም ብታገኚም አንቺ የምትፈልጊው ጸጥታ የለም። ፍልሰታ ከገባ በኋላ ያለውን ሳምንት ያዢ።

ባህሩ። እዚህ ጋ እውነቱን ልናገር፣ ሞቅ ያለ ባህር ብለሽ ከምታስቢው ጋር አይገናኝም፣ ውሃው 20 ዲግሪ ከገባ እነሱ ተቃጠልን ነው የሚሉት። ግን ለልጅ ከፓራሌፓ የተሻለ ዳርቻ ብዙ አላየሁም፣ ከባቡር ጣቢያው ጫካውን አቋርጠሽ በእግር ነው፣ አሸዋ ነው፣ ውሃው ደሞ በጣም ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ልጆቹ ሄደው ሄደው ሄደው አሁንም ጉልበታቸው ላይ ነው። ባልቲክ ጨዉ ትንሽ ነው፣ ዓይን አያቃጥልም፣ ማዕበል የሚባል ነገርም እንደ ውቅያኖስ አያውቅም፣ ባህር ልትዪው ሐይቅ ልትዪው ግራ ነው የሚገባሽ፣ እኔ ያሳደገኝ ሐዋሳ ስለሆነ ወዲያው ነው የተስማማኝ። ሌላ ዳርቻ ደሞ አለ፣ ስሙ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አፍሪካ። የምር፣ አፍሪካ ዳርቻ ነው የሚሉት፣ ካርታውም ላይ አለ። የሄድኩ ቀን ከኔ በቀር አንድም አፍሪካዊ አልነበረም፣ ዝይና ስዋን የሚባለው አንገተ ረጅም ነጭ ወፍ ብቻ። እዛ አይዋኝም፣ ወፍ ማያ ማማ አለ፣ መራመጃ አለ፣ በቃ።

ከአፍሪካ ዳርቻ ተነስተሽ በውሃው ዳር ስትሄጂ ኩርሳል የሚሉት በ1898 የተሠራ የእንጨት አዳራሽ ታገኛለሽ፣ ከሱ አልፎ የቻይኮቭስኪ የድንጋይ አግዳሚ ወንበር አለ። ቻይኮቭስኪ ገና ወጣት እያለ በ1867 በጋውን እዚህ አሳልፎ በከተማዋ ስም ሦስት የፒያኖ ቁርጥራጮች ጽፏል። ወንበሩ ሙዚቃ ያሰማል፣ ልጆችሽ አስር ጊዜ ያስጮሁታል፣ አትቆጪያቸው የሚረበሽ ሰው የለም።

ጥቁር ሆኖ መሄድ እንዴት ነው ላልሽው፣ እኔ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ክፉ ቃል የወረወረብኝ የለም፣ ሰላምታም የወረወረልኝ የለም። ሰዎቹ እንዲህ ናቸው፣ ለራሳቸውም ሰውም እንዲሁ ናቸው። ባቡር ላይ ሌላ ባዶ ወንበር እያለ መጥተው አጠገብሽ አይቀመጡም፣ ዝም ቢሉሽ ጠልተውሽ እንዳይመስልሽ፣ ዝምታ እነሱ ጋ ጨዋነት ነው። «ቴሬ» ሰላም ነው፣ «አይታህ» አመሰግናለሁ ነው፣ በነዚህ ሁለት ቃላት ሁለት ቀን በደንብ ትኖሪያለሽ።

እንደውም አንድ ነገር ልንገርሽ። ሁለተኛው ጉዞዬ ላይ ነፋስ ስለነበር ነጠላዬን ደርቤ ውሃው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ፣ አንዲት በእድሜ የገፉ ሴትዮ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሃያ ደቂቃ አንድ ቃል የለም። ከዛ እጃቸውን ዘርግተው የነጠላዬን ጥለት ያዙት፣ ገለበጡት፣ በጀርባው በኩል ክሩ እንዴት እንደተያዘ አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዛ ቦርሳቸውን ከፍተው የራሳቸውን አወጡ። የሃፕሳሉ ሻል ነው የሚባለው፣ በእጅ የሚሠራ ከሱፍ ክር፣ ግን ሱፍ ነው ብትባዪ አታምኚም፣ እንደ ሸማ ስስ ነው። ሴትዮዋ የጋብቻ ቀለበታቸውን በመከራ አወለቁና ያንን ሁሉ ሻል በቀለበቷ ውስጥ ስበው አሳለፉት። ይቺ የታወቀች መፈተኛው ናት። ጠርዙን ለብቻው ሠርተው ነው በኋላ በመርፌ የሚገጥሙት፣ ልክ እኛ ጥለቱን ለብቻ እንደምናስበው፣ መሀሉ ላይ ደሞ ትንንሽ ቋጠሮዎች አሉት ማሽን የማይሠራቸው፣ የእጅ መሆኑን የምታውቂው በነሱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ሴቶች ለመታጠብ ለሚመጣው ሀብታም እዚችው ውሃ ዳር ቁጭ ብለው እየሠሩ ነበር የሚሸጡት። ውድ ነው፣ አልዋሽሽም፣ ግን ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ሽሮሜዳ ሄደሽ ከሸማኔ ጋር እንደምትከራከሪው አትከራከሪ።

ምግቡ ለጾመኛ ከምትፈሪው ይሻላል። ራይ ከሚባል እህል የሚጋገር ጥቁር ዳቦ አላቸው፣ ኮምጠጥ ያለች፣ እንጀራ ለለመደ ምላስ ወዲያው ነው የምትገጥመው። ድንች፣ እንጉዳይ፣ ጫካ ውስጥ የሚለቀሙ እንጆሪ መሰል ፍሬዎች፣ ገበያው በነሱ የተሞላበት ሰሞን ነው። ሱፐርማርኬት ገብተሽ «ታታር» ሚል ፓኬት ፈልጊ፣ እንደ ቅንጬ የሚበስል እህል ነው፣ በዘይትና በሽንኩርት ብታደርጊው ልጆቹም ይበሉታል። በርበሬ ይዘሽ ሂጂ ብዬ ለሐበሻ አልመክርም፣ መያዝሽን አውቃለሁ።

ከሄድሽ አይቀር ግን የኔን ስህተት አትድገሚ፣ እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ርካሽ ነው ብዬ ፌብሩዋሪ ነበር፣ ግማሹ ቤት ዝግ፣ ፀሐይዋ በጊዜ ልትገባ ማጎንበስ ትጀምራለች፣ የቻይኮቭስኪ ወንበር በረዶ ለብሶ። ባህሩ ይቀዘቅዛል፣ እንደውም ብርዱ በጠና ዓመት ከዋናው መሬት ወደ ደሴቶቹ በበረዶው ላይ የመኪና መንገድ ይከፍታሉ፣ ሕጉም የሚገርም ነው፣ ቀበቶ አታስሩ ነው የሚለው፣ በረዶው ቢሰበር ቶሎ እንድትወጪ። አመሰግናለሁ አልኩ ተመለስኩ።

ጥያቄ፦ እኔ በሰባዎቹ መጨረሻ ሌኒንግራድ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ አሁን ሜሪላንድ በጡረታ ላይ ነኝ። ያኔ አስተማሪያችን ለጉልበታቸው ኢስቶኒያ ባህር ዳር ጭቃ ሊታከሙ ይሄዱ ነበር። ጉልበቴ ዛሬ የሳቸው ጉልበት ሆኗል። ያ ነገር እስካሁን አለ? ዋጋ አለው ወይስ የሶቪየት ወሬ ነው?
የድሮው ተማሪ

መልስ፦ ጋሼ፣ እድሜዎን ያርዝምልን። አለ፣ ደሞ የሶቪየት ወሬም አይደለም፣ ከሶቪየት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ካርል አብርሃም ሁኒዩስ የሚባል ሐኪም የሃፕሳሉ ሰዎች የሚቆረጥም መገጣጠሚያቸውን በባህር ጭቃ ሲያሹ አይቶ በ1825 የመጀመሪያውን የጭቃ መታከሚያ እዛው ከፈተ፣ ከተማዋም ከዛ በኋላ ነው ከዓሣ አጥማጅ ሰፈርነት ወጥታ መኳንንት የሚመጡባት የሆነችው። እርስዎ በዛን ጊዜ ልሂድ ቢሉ እንኳ ቀላል አይሆንሎትም ነበር፣ ያ ዳርቻ የድንበር ክልል ነበርና፣ አጠገቡም የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነበር።

ጭቃው ጥቁር ነው፣ የሚለጠልጥ፣ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል፣ ፍልውሃ ላደገ ሰው አዲስ አይሆንም። አሙቀው ይቀቡዎታል፣ በጨርቅ ይጠቀልሉዎታል፣ ተኝተው ያልብዎታል፣ ታጥበው ይወጣሉ። ጉልበት ያቀላል፣ ሙቀቱም የራሱን ይሠራል፣ የተበላ መገጣጠሚያ ግን አይተካም፣ እንደዛ የሚልዎት ካለ ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ሄዶም ትርጉም የለውም፣ የድሮዎቹም ሳምንታት ነበር የሚቀመጡት፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይያዙ። ደም ግፊት ወይም ልብ ላይ ነገር ካለ ሳይመረመሩ እንዳይገቡ፣ ሙቀቱ ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ ፓስፖርት ካለዎት ለዘጠና ቀን ቪዛ አያስፈልግዎትም፣ በግሪን ካርድና በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ግን የሼንገን ቪዛ ግድ ነው፣ ግሪን ካርዱ እዛ በር አይከፍትም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ ቪዛው ስንት ቀን ይፈጃል?
ቸኳዩ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስምህን ቀይር። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ ባጠበቀው ደንብ መሠረት መደበኛው የማስተናገጃ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ወጥቷል፣ ብዙ ጊዜ መግባት የሚያስችለውንም ቪዛ አይሰጡም። ስለዚ ከሦስት ወር በፊት ጀምር፣ ትኬትም ቀድመህ አትቁረጥ። ደከመኝ ባይዋ እህታችንም ሆነች ሌላ ሼንገን አገር ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ይሄ አይመለከተውም፣ ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ይዞ መሄድ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የፑሽኪን ቅድመ አያት ሃኒባል ኢስቶኒያ ነበረ ይባላል፣ እውነት ነው?
ከሳር ቤት

መልስ፦ ፑሽኪን አደባባይን በየቀኑ የሚዞር ሰው ይሄን ቢጠይቅ አይገርምም። እውነት ነው። አብራም ሃኒባል ከ1731 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ፓርኑ ነበር፣ እሷም የባህር ዳር ከተማ ናት፣ ከሃፕሳሉ ትበልጣለች በበጋም ሞቅ ትላለች፣ እዛ የምሽግ መሐንዲስ ሆኖ ለወታደር ልጆች ሒሳብና ንድፍ ያስተምር ነበር። በኋላ ደሞ ከ1742 እስከ 1752 የታሊን፣ ያኔ ሬቫል የምትባለው፣ የጦር አዛዥ ሆነ። ትውልዱን እኛ ሐበሻ ነው እንላለን፣ የዛሬ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ወደ ቻድ ሐይቅ አካባቢ ካሜሩን ይወስዱታል፣ ክርክሩ ውስጥ አልገባም። ፓርኑ ባህሩ ዳር ቆሜ ግን እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፣ ከነሐሴ እስከ ሰኔ ያለውን ብርድ ያ ሰውዬ ያለ ጃኬት እንዴት ቻለው።

ጥያቄ፦ ዓምዱን ልንዘጋ ስንል የገባ ነው። «ሚስቴ የላከችላችሁን ጽሑፍ ስልኳ ላይ አየሁት። እሺ እንሂድ ልበል፣ እኔ እዛ ሁለት ቀን ምን ልሠራ ነው?» ባርሴሎና ቀረብኝ ባዩ፣ ከስቶክሆልም

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዓሣ አጥምድ። ኢስቶኒያ ውስጥ አንድ ዘንግ፣ አንድ ክር፣ አንድ መንጠቆ ይዞ ለማጥመድ ፈቃድም ክፍያም አያስፈልግም። ውሃው ዳር ወንበር አለ፣ የሚያናግርህ የለም፣ ሚስትህም ካንተ ሃምሳ ሜትር ርቃ ተቀምጣ ልጆቹ ወደ አንተ ሲመጡ ዝም ብላ ታያለች፣ ዝም ብለህ ተቀበላቸው። የያዝከውን በፍልሰታ ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባትህ ጋር ጨርስ፣ እኛን አታስገባን።